ሀቢብ ጊርጊስ (1876–1951)፦ የግብፅ ቤተ ክርስቲያንን ወጣቶች አገልጋይ ያደረጉ መምህር

መግቢያ

ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቿን የምታጣው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ ይነሣል። መልሱ በአብዛኛው የሚፈለገው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ነው። ዘመናዊ ትምህርት፣ የከተማ ኑሮ፣ የሌሎች ሰባክያን ቅስቀሳና የዓለም ፈተና በምክንያትነት ይደረደራሉ። እነዚህ ሁሉ ተጽዕኖ ቢኖራቸውም ሌላ አንድ ጥያቄ ሸፍነው ያልፋሉ። ወጣቱ ከመሄዱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ምን ሰጥታው ነበር? ምንስ ሥራ አደራ ብላው ነበር?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁትና ዕድሜያቸውን ሙሉ መልሱን በሥራ ሲፈልጉ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ግብፃዊው ሊቀ ዲያቆን ሀቢብ ጊርጊስ ናቸው። እርሳቸው ጳጳስም ቄስም ሳይሆኑ፣ ሀብትም ሥልጣንም ሳይኖራቸው፣ የኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ቀጣይ ትውልድ የቀረጸ እንቅስቃሴ መሥርተዋል። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ በመዳሰስ አንድ ነጥብ ለማሳየት ይሞክራል። የሀቢብ ጊርጊስ ሥራ የጸናው ለወጣቶች ትምህርት በመስጠቱ ብቻ አይደለም። የተማረው ወጣት ራሱ አስተማሪ እንዲሆን በማድረጉ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱበት ዘመን

ሀቢብ ጊርጊስ በ1876 በካይሮ ተወለዱ። ዘመኑ ለግብፅም ለኮፕት ክርስቲያኖችም የመሸጋገሪያ ዘመን ነበር። በጥንቱ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት፣ በእነ አትናቴዎስና በእነ ቄርሎስ የታወቀችው ቤተ ክርስቲያን በብዙ መቶ ዓመታት ጫና ውስጥ ካለፈች በኋላ ሥርዓተ አምልኮዋንና ገዳማቷን ጠብቃ ብትኖርም፣ የተደራጀ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አልነበራትም። ካህናት በአብዛኛው የሚሾሙት ቅዳሴውንና ዜማውን በቃል አጥንተው ነው። የቅብጥ ቋንቋ ከሕዝቡ አንደበት ከጠፋ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ምእመኑ በቤቱም በገበያውም ዓረብኛ ይናገራል። በመቅደስ ውስጥ የሚሰማውን ግን በሙላት የሚተረጉምለት፣ በመድረክ ቆሞም የሚያስተምረው ሰው እምብዛም አያገኝም ነበር።

ለውጡ የጀመረው ሀቢብ ከመወለዳቸው በፊት ነው። የተሐድሶ አባት እየተባሉ የሚጠሩት ፓትርያርክ ቄርሎስ 4ኛ (1854–1861) ዘመናዊ ትምህርት ቤቶችን ከፍተዋል፤ ማተሚያ መሣሪያም አስመጥተዋል። እኚህ ፓትርያርክ በ1856 የግብፁን ገዢ የሰዒድ ፓሻን መልእክት ይዘው ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በመምጣታቸው በአገራችን ታሪክም ይታወቃሉ። የዘመነ ጵጵስናቸው ማጠር ግን የጀመሩትን ከዳር እንዳያደርሱ አግዷቸዋል።

በዚያው በ1854 የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በግብፅ ሥራ ጀመረ። ሚስዮናውያኑ በላይኛው ግብፅ በአስዩጥ በ1865 ኮሌጅ ከፈቱ። በዓረብኛ የሚሰብኩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በየቤቱ የሚያዳርሱ፣ ለሕፃናትም የሰንበት ትምህርት የሚሰጡ ነበሩ። ትምህርት የተጠማው ወጣት ወደ እነርሱ ማዘንበሉ የሚያስገርም አልነበረም። ከ1882 የብሪታንያ ወረራ በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና የቢሮ ሥራ የኮፕት ልጆችን ወደ አዲስ ዓለም አስገቧቸው። ይህ ትውልድ ሒሳብ፣ ሕግና የውጭ ቋንቋ ያውቃል፤ ስለ ራሱ ሃይማኖት ግን ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም። ቤተ ክርስቲያን ያኔ የገጠማት አደጋ ይህ ነበር፤ ልጆቿ በሌላው ሁሉ ሲያድጉ በእምነት ዕውቀት ሕፃናት ሆነው ቀርተዋል።

ከተማሪነት ወደ መምህርነት

ሀቢብ በልጅነታቸው አባታቸውን በሞት አጡ። ትምህርታቸውን የተከታተሉት በኮፕት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ በውስጥ ክርክር ትታመስ ነበር። በ1874 የተቋቋመው፣ መጅሊስ ሚሊ የሚባለው የምእመናን ጉባኤ በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ሀብትና በአስተዳደር ላይ ድርሻ ይገባኛል ሲል፣ ፓትርያርክ ቄርሎስ 5ኛ (1874–1927) ደግሞ ሥልጣኑ የአባቶች ነው ብለው ጸኑ። ግጭቱ ተካሮ ፓትርያርኩ በ1892 ወደ በራሙስ ገዳም ተጋዙ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ መንበራቸው ተመለሱ። ቄርሎስ 5ኛ በ1881 አቡነ ጴጥሮስን፣ አቡነ ማቴዎስን፣ አቡነ ሉቃስንና አቡነ ማርቆስን ለኢትዮጵያ የሾሙ ፓትርያርክ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል።

በዚያው ፓትርያርኩ በተመለሱበት በ1893፣ በኅዳር ወር መጨረሻ፣ የነገረ መለኮት ኮሌጁ በካይሮ ተከፈተ። ግብፃውያን ኢክሊሪኪያ ብለው ይጠሩታል። ሀቢብ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነው ሲገቡ ዕድሜያቸው 17 ዓመት ገደማ ነበር። ኮሌጁ ስሙ ትልቅ ቢሆንም አቅሙ ደካማ ነበር። ቋንቋና ጠቅላላ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን ሲገኙ፣ ኮሌጁ የተቋቋመበትን ዋናውን ትምህርት፣ ማለትም ነገረ መለኮትን፣ የሚያስተምር ግን ጠፋ። የተመደቡት ሊቅም በጤና ምክንያት አልዘለቁም። ተማሪዎቹ ካህናትና ሰባክያን ለመሆን ገብተው የሃይማኖት መምህር የሌላቸው ሆኑ።

የሀቢብ የሕይወት አቅጣጫ የተወሰነው በዚህ ክፍተት ነው ማለት ይቻላል። መምህር ሲያጡ መጻሕፍትን ራሳቸው እያሠሡ ማንበብ ያዙ። የአባቶችን ድርሳናት፣ የዓረብኛ የእጅ ጽሑፎችንና በዘመኑ የታተሙትን መጻሕፍት ተከታተሉ። ገና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳሉ የክፍል ጓደኞቻቸውን እንዲያስተምሩ ኃላፊነት ተሰጣቸው። በ1898 ተመርቀው በዚያው ኮሌጅ የነገረ መለኮትና የስብከት ዘዴ መምህር ሆኑ። ተማሪው መምህር የሆነው ሌላ ሰው በመጥፋቱ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሀቢብ ይህንኑ አጋጣሚ ወደ ሥርዓት ለወጡት። ወጣት ሰው የሚያውቀውን ለታናሹ ሊያስተምር እንደሚችል፣ በማስተማሩም ራሱ እንደሚጸና በራሳቸው ሕይወት አይተውታልና።

በስብከት ችሎታቸውም ታወቁ። ፓትርያርክ ቄርሎስ 5ኛ ሀቢብን አቅርበው የግል ዲያቆናቸው አደረጓቸው። ይህ ቅርበት በኋላ ላይ ለሥራቸው ጋሻ ሆኗቸዋል። በአባቶችና በምእመናን ጉባኤ መካከል ያለው ጥርጣሬ ገና ባልጠፋበት ዘመን፣ አንድ ምእመን የሚመራው የወጣቶች እንቅስቃሴ ከፓትርያርኩ ቡራኬ ውጭ ሊቆም አይችልም ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤት ምሥረታ

የኮፕት ሰንበት ትምህርት ቤት መቼ ተጀመረ በሚለው ላይ ጸሐፊዎች ሁለት ዓመታትን ይጠቅሳሉ። አንዳንዶች በ1900 ይሉና ሌሎች 1918 ይላሉ። ልዩነቱ ከስሕተት ይልቅ ከመለኪያ የመጣ ነው። ሀቢብ በምዕተ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሕፃናትን ሰብስበው ማስተማር ጀምረዋል። ሥራው ጠቅላላ ኮሚቴ፣ የጋራ መርሐ ግብርና ከካይሮ ውጭ ቅርንጫፎች ያሉት ተቋም የሆነው ግን በ1918 ነው። መጀመሪያውን ከአንድ ሰው ትጋት የሚቆጥር 1900ን፣ ከተቋም የሚቆጥር 1918ን ይይዛል። በመካከል ያሉት 18 ዓመታት አንድ ሐሳብ ተቋም እስኪሆን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያመለክታሉ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ልጆች በዕድሜያቸው ይከፈላሉ። ለየክፍሉ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ሥርዓተ አምልኮና መዝሙር ይሰጣል። ትምህርቱ የሚሰጠው በሚናገሩት ዓረብኛ ነው። በመላ አገሪቱ ያሉ ቅርንጫፎች ተመሳሳይ ትምህርት እንዲሰጡ ትምህርቶቹ እየታተሙ ይላካሉ። የግብፅ የዕረፍት ቀን ዓርብ በመሆኑ በብዙ ቦታዎች ጉባኤው የሚካሄደው በዓርብ ዕለት ነው፤ ስሙ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት እንደተባለ ቀርቷል። ለስሙ ከመጨነቅ ይልቅ ልጆቹ በሚመቻቸው ቀን መገናኘቱ ተመረጠ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአስተማሪዎቹ ማንነት ነው። ካህናቱ በቁጥርም በትምህርትም ለዚህ ሥራ አይበቁም ነበር። ስለዚህ ማስተማሩ ለኮሌጁ ተማሪዎች፣ በኋላም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ተሰጠ። እነዚህ አስተማሪዎች አገልጋይ ይባላሉ። አገልጋዩ የሚያስተምረው ያለ ደመወዝ ነው። ለማስተማር ማንበብ፣ ለአርአያነት መጠንቀቅ፣ የቀረውን ልጅ ለመጠየቅ ቤት ለቤት መሄድ ነበረበት። የ20 ዓመት ወጣት ለ10 ዓመት ሕፃን ኃላፊ ሲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን መራቅ ለእርሱ የግል ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ የሚጠብቁት ልጆች አሉና። ሕፃኑም አድጎ በተራው አገልጋይ ይሆናል። ወጣቱን በቤተ ክርስቲያን ያቆየው አንዱ ኃይል ይህ ሰንሰለት ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት ቅርጽ ከፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን የተወሰደ ነው የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይነሣል። የቅርጹ ምንጭ አከራካሪ አይደለም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የተስፋፋ፣ ወደ ግብፅም ከሚስዮናውያን ጋር የገባ ነው። ሀቢብ ያደረጉት ግን ቅርጹን ተቀብለው በውስጡ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ምሥጢራት፣ ጾም፣ የቅዱሳን ታሪክና ቅዳሴ ማኖር ነው። ከሚስዮናውያኑ ጋር በመሰዳደብ ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ ወጣቱ ከእነርሱ ዘንድ ሲፈልገው የነበረውን ትምህርት በራሱ ቤት እንዲያገኝ አደረጉ።

መጻሕፍትና መጽሔት

ትምህርት ያለ መጽሐፍ እንደማይጸና ሀቢብ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ስለዚህ ከማስተማር ጎን ለጎን ብዙ መጻሕፍት ጻፉ። ለተማሪዎች የሃይማኖትን መሠረታዊ ትምህርት በአጭሩ የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጁ። ስለ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል። ልጆችና ወጣቶች በቋንቋቸው የሚዘምሯቸው የዓረብኛ መዝሙራትም ደርሰዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመሠረቱት አል ከርማ፣ ማለትም የወይን ቦታ፣ የተባለው መጽሔት ደግሞ የነገረ መለኮት፣ የታሪክና የሥነ ምግባር ጽሑፎችን ለተማረው ምእመን ያደርስ ነበር።

የጽሑፎቹ አንባቢ ማን እንደሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። ሀቢብ የሚጽፉት ለሊቃውንት ክርክር አልነበረም። ለአስተማሪው፣ ለተማሪውና ለቤተሰቡ ነበር። የአባቶችን ትምህርት ከእጅ ጽሑፍ አውጥተው፣ የዘመኑ ወጣት ሊያነበው በሚችለው ዓረብኛና በሚገዛው ዋጋ ማቅረብ ዋነኛ ዓላማቸው ነበር።

ሌላው የትግል መስካቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። የኮፕት ልጆች በብዛት ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች ይገቡ ነበር፤ በዚያ ግን የራሳቸውን ሃይማኖት የሚማሩበት ሰዓት አልነበራቸውም። ሀቢብ የክርስትና ትምህርት ለክርስቲያን ተማሪዎች እንዲሰጥ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ለዚሁ የሚሆን መጽሐፍም አዘጋጅተዋል። ወጣቱ በሳምንት አብዛኛውን ቀን የሚውለው በትምህርት ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ወጣቷን መከተል ካለባት እስከዚያ መከተል ይኖርባታል የሚል እምነት ነበራቸው።

የኮሌጁ ኃላፊነትና መሰናክሎቹ

ሀቢብ በ1918 የነገረ መለኮት ኮሌጁ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ ሞታቸውም ለ33 ዓመታት መሩት። ኮሌጁና ሰንበት ትምህርት ቤቱ በአንድ ሰው እጅ መግባታቸው በአጋጣሚ ቢመስልም የሥራቸው ቁልፍ ነበር። ኮሌጁ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ያዘጋጃል። ሰንበት ትምህርት ቤቱም ለኮሌጁ ተማሪ ያፈራል።

ሥራው ግን በየአቅጣጫው መሰናክል ነበረበት። የመጀመሪያው የገንዘብ እጥረት ነው። ኮሌጁ ለረጅም ጊዜ የራሱ በቂ ሕንጻ ሳይኖረው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ቆይቷል፤ በኋላም ማህመሻ በሚባለው የካይሮ ሰፈር ተቀምጧል። ሁለተኛው የተመራቂዎች ዕጣ ነው። ብዙ አህጉረ ስብከት ያልተማሩ ካህናትን መሾም ስለቀጠሉ የኮሌጁ ተመራቂ ሥራና በቂ መተዳደሪያ ለማግኘት ይቸገር ነበር። ሀቢብ ክህነት ከትምህርት ጋር እንዲያያዝ በብርቱ ተሟግተዋል። የሚያስተምር ካህን በሌለበት አጥቢያ ወጣቱን እንዴት ማቆየት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። ሦስተኛው የውስጥ ፖለቲካ ነው። ሀቢብ ከቄርሎስ 5ኛ በኋላ በዮሐንስ 19ኛ፣ በመቃርዮስ 3ኛና በዮሳብ 2ኛ ዘመንም አገልግለዋል። አባቶችና የምእመናን ጉባኤ በየጊዜው ሲጋጩ፣ ኮሌጁ በመካከል የሚጎተት ገመድ ሆኖ ነበር።

በ1942 ሀቢብ የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ስለምትታደስባቸው ተግባራዊ መንገዶች መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት አልፏል፤ የብዙ ዓመት ልምድም ነበራቸው። መጽሐፉ ለካህናት ሥልጠና፣ ለሃይማኖት ትምህርት፣ ለገዳማትና ለወጣቶች አገልግሎት ምን ሊደረግ እንደሚገባ ያቀርባል። በመጽሐፉ ውስጥ ወጣቱ ብቻውን የቆመ ችግር ሆኖ አልቀረበም። ካህኑ፣ ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱና ገዳሙ ሳይታደሱ ወጣቱን ብቻ ማቆየት እንደማይቻል የመጽሐፉ አደረጃጀት ራሱ ያስረዳል።

ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ በ1946 የተከፈተው የማታ ክፍል ነው። ክፍሉ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ሳይተዉ ነገረ መለኮትን እንዲያጠኑ በር ከፈተ። ቀድሞ ወደ ኮሌጁ የሚገባው ዓለማዊውን ትምህርት ትቶ ነበር፤ አሁን ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ተቻለ። ለተማረው ወጣት የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነው፤ ዕውቀቱን ደጅ ጥሎ እንዲገባ አልተጠየቀም።

ደቀ መዛሙርቱ

በማታው ክፍል ከተማሩት መካከል ናዚር ጋየድ የሚባል የታሪክ ተማሪ ነበር። በ1949 ከኮሌጁ ተመርቆ በዚያው ማስተማር ጀመረ። በ1947 የተጀመረውን የሰንበት ትምህርት ቤቶች መጽሔትም በአዘጋጅነት አገልግሏል። በ1954 መነኮሰ። በ1962 ፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ ሺኖዳ በሚል ስም የትምህርት ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ የኮሌጁም ኃላፊነት ተሰጠው። በ1971 ሺኖዳ 3ኛ ተብለው በመንበረ ማርቆስ ተቀመጡ፤ እስከ 2012ም መሩ። በዓለም ዙሪያ የተበተኑትን ኮፕቶች በስብከታቸውና በመጻሕፍታቸው ያስተሳሰሩት ፓትርያርክ የሰንበት ትምህርት ቤት ፍሬ ነበሩ።

በዚሁ በ1962 የማኅበራዊ አገልግሎት ጳጳስ ሆነው የተሾሙት አቡነ ሳሙኤልም ከዚያው ትውልድ ናቸው። በቀድሞ ስማቸው ሳዓድ ዐዚዝ የሚባሉት እኚህ ሰው ሕግ ካጠኑ በኋላ የነገረ መለኮት ትምህርት ተከታትለዋል። በ1940ዎቹም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነገረ መለኮት ትምህርት አስተምረዋል። በ1948 ወደ ምንኩስና ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አንዱ ሲሆኑ፣ በ1981 ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት በተገደሉበት ሰልፍ ላይ ሕይወታቸው አልፏል። ኋላ ላይ በመንፈሳዊ ድርሰቶቻቸው የታወቁት አባ ማታ አል መስኪንም በ1948 የመነኮሱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበሩ። ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች በብዛት ወደ በረሃ ገዳማት መግባታቸው ለ20ኛው መቶ ዓመት የኮፕት ተሐድሶ አንዱ ምልክት ሆነ።

ሀቢብ ይህን ፍሬ ሙሉ በሙሉ አላዩትም። ትዳር ሳይመሠርቱ፣ ዕድሜያቸውን ለኮሌጁና ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰጥተው፣ ነሐሴ 21 ቀን 1951 አረፉ። ከ62 ዓመታት በኋላ፣ በሰኔ 2013፣ በፓትርያርክ ታዋድሮስ 2ኛ የሚመራው የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ስማቸው ከቅዱሳን ጋር እንዲጠራ ወሰነ።

ሌላው መንገድ

የሀቢብን ሥራ ዋጋ ለመመዘን በሞቱ በሦስተኛው ዓመት የሆነውን ማየት ይረዳል። በሐምሌ 1954 የኮፕት ሕዝብ ማኅበር የሚባል የወጣቶች ቡድን አባላት በሌሊት ወደ ፓትርያርክ ዮሳብ 2ኛ መኖሪያ ገብተው፣ ፓትርያርኩን በኃይል ወስደው ሥልጣን መልቀቂያ አስፈረሟቸው። ዮሳብ 2ኛ በ1951 አቡነ ባስልዮስን ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አድርገው የሾሙት ናቸው። መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ፓትርያርኩን አስመለሰ፤ ቡድኑም ተበተነ።

እነዚህ ወጣቶችና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በአንድ ዘመን የኖሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ፣ ብዙውን ጊዜም በተመሳሳይ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ላይ የነበራቸው ቅሬታም ይመሳሰላል። የለያቸው ቅሬታቸው የፈሰሰበት ቦይ ነው። አንደኛው ወገን ተቆጥቶ በር ሰበረ፤ ሌላው ወገን ሥራ ተሰጥቶት፣ በዓመታት ውስጥ የሰበረውን ሳይሆን የሠራውን ይዞ ወደ መንበሩ ደረሰ። ንጽጽሩ ሁሉን እንደማያብራራ ግልጽ ነው፤ የፖለቲካው ሁኔታና የሐምሌ 1952 አብዮት ግለትም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ወጣት በቤቱ ሥራ ሲያጣ ሁልጊዜ ዝም ብሎ እንደማይሄድ፣ አንዳንዴም ቤቱን እንደሚያናውጥ ያሳያል።

በእንቅስቃሴው ላይ የሚነሡ ጥያቄዎችም አሉ። ከሰንበት ትምህርት ቤት የወጣው ትውልድ ሥልጣን ላይ ከደረሰ በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ በጳጳሳት ዙሪያ ይበልጥ ተማክሏል፤ ምእመናን በአስተዳደር የነበራቸው ድርሻም ጠቧል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በአንድ ምእመን የተመሠረተ እንቅስቃሴ ውጤቱ በመነኮሳትና በጳጳሳት ስም መነገሩ ራሱ የሚያስገርም ነው። ሴት አገልጋዮችም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሸክም ትልቁን ድርሻ ቢይዙም በታሪኩ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይጠራም። እነዚህ ጉዳዮች ራሳቸውን የቻሉ ጥናቶች ይሻሉ።

ከኢትዮጵያ አንጻር

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጎረቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ መንበር ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። የቋንቋው ጥያቄም የጋራ ነው። የቅብጥ ቋንቋ ለግብፃዊው ወጣት የሆነውን ያህል ግእዝ ለዛሬው ኢትዮጵያዊ ወጣት ሩቅ ባይሆንም፣ የሚቀደሰውና የሚነገረው ቋንቋ መለያየቱ ግን ተመሳሳይ ፈተና ነው። በውጭ አገር ተወልደው አማርኛውም ለሚያዳግታቸው ልጆች ደግሞ ፈተናው እጥፍ ይሆናል።

በኢትዮጵያም ሰንበት ትምህርት ቤቶች በየአጥቢያው ተስፋፍተው የብዙ ወጣቶች መኖሪያ ሆነዋል። ይህ ማለት ግን የግብፁ ልምድ እንዳለ ይቀዳ ማለት አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት፣ ቅኔና ዜማ፣ የሊቃውንቱ ወንበር በኢትዮጵያ ያልተቋረጠ ባህል ነው፤ ሀቢብ ግን ከባዶ ለመጀመር ተገደው ነበር። ስለዚህ ለአገራችን ጥናት የሚቀርበው ጥያቄ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከአብነቱ ወንበር ጋር ምን ያህል ተገናኝቷል፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገውስ ወጣት ከመዘምርነት አልፎ ምን አደራ ይሰጠዋል የሚለው ነው።

ማጠቃለያ

የሀቢብ ጊርጊስ ሕይወት ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ ወጣቱን ለማቆየት የጀመሩት ወጣቱን በመውቀስ ሳይሆን በራሷ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እንደጎደለ በመጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ የጎደለውን ትምህርት ወጣቱ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በሚመቸው ጊዜና ባለበት ቦታ አቀረቡለት፤ ይዘቱን ግን ከአባቶች አልለወጡም። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የተማረውን ወጣት አድማጭ አድርገው አላስቀሩትም፤ ታናሾቹን አደራ ሰጡት።

ከዚህ በመነሣት የወጣቶችን አገልግሎት የሚገመግም ጥናት የመጡትን ወጣቶች ቁጥር ብቻ መቁጠር አይበቃውም። ከመጡት መካከል ስንቶቹ ሌሎችን የማስተማር ኃላፊነት እንደተቀበሉ፣ ያንንም ለመወጣት የሚያስችል ሥልጠናና መጽሐፍ ማግኘት አለማግኘታቸውን አብሮ መመርመር ይኖርበታል። ሀቢብ ለመምህርነት የተጠሩት መምህር በመጥፋቱ ነበር። ሲያርፉ ግን የተዉት ኮሌጅ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው መምህራን የሆኑበት ቤት ነበር።